ያልተጠየቁት፦ የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔና ያላባራው ቅሬታ

በጥቅምት 1872 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጄኔራል ቻርለስ ጎርደን ደብረ ታቦር ገባ። ያን ጊዜ በግብፁ ኬዲቭ ሥር የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ነበር፤ የመጣውም ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ስለ ሰላም ሊነጋገር ነው። የግብፅ ጦር በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ሁለት ጊዜ ድል ቢሆንም ቦጎስንና ምጽዋን እንደያዘ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ የተወሰደው መሬት ይመለስ፣ ወደ ቀይ ባሕር የሚያስወጡ ወደቦች ይሰጡን፣ ጳጳስ ይላክልን። ጎርደን ይህን ለመፈጸም ሥልጣን አልነበረውም። ድርድሩ ያለ ውጤት ተበተነ፤ እንግዳውም ሲመለስ በመንገድ ላይ ተይዞ ተንገላታ።

ከጣራ ገዳም ጫካ እስከ ጉና ተራራ ባለው ደጋ ለሚኖር ገበሬ ባሕሩ ሩቅ ነው፤ አብዛኛው ሰው በዓይኑ ሳያየው ኖሮ ያልፋል። ሆኖም ከዚያ ድርድር ወዲህ የባሕሩና የመረብ ማዶው ጉዳይ ከዚህ አገር ሰው ሕይወት ወጥቶ አያውቅም። ልጆቹ ዘምተውበታል፤ ብዙዎቹ እዚያው ቀርተዋል። ነገሩ በ1985 ዓ.ም. በድምፅ መስጫ ሣጥን ሲቋጭ ግን የዘማቾቹን ወላጆች አስተያየታቸውን የጠየቀ አካል አልነበረም። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ በሌሎቹ ታላላቅ ውሳኔዎች ጊዜ፣ ሳይጠየቁ የቀሩት ኤርትራውያን ነበሩ። የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ያስከተለው ቅሬታ ሠላሳ ዓመት አልፎትም ለምን እንዳልበረደ ለመረዳት ይህን ሰንሰለት ከሥሩ መከተል ያስፈልጋል።

ያለ ምክር የተሰመረ ድንበር

በ1876 ዓ.ም. በአድዋ የተፈረመው የሂዌት ስምምነት ቦጎስን ለዐፄ ዮሐንስ መለሰ፤ በምጽዋ በኩልም ነጻ የዕቃ ማስተላለፊያ ሰጠ። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1877 ዓ.ም. አጋማሽ፣ ጣሊያኖች በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋ ላይ ሰፈሩ። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዶጋሊ ላይ አንድ የጣሊያን ጦር ደመሰሱ። ይሁን እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ሰሜኑም ጠባቂ አጣ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 25 ቀን የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ በ1882 ዓ.ም. ጣሊያን «ኤርትራ» የምትባል ቅኝ ግዛት መመሥረቷን አወጀች።

ውሉን የተዋዋሉት ነገሥታትና መንግሥታት ናቸው። በመረብ ወዲህና ወዲያ የሚኖረው፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ የሚጋባና አንድ ታቦት የሚያነግሥ ሕዝብ አልተጠየቀም። ከዚያ በ1892፣ በ1894 እና በ1900 ዓ.ም. የተፈረሙ ውሎች ድንበሩን በወረቀት ላይ አሰመሩት፤ በመሬት ላይ ግን በችካል አልተከለለም። ይህ ጉድለት ከመቶ ዓመት በኋላ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ወጣቶች መርገፍ ሰበብ ሆኗል።

ፌዴሬሽኑ

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ተሸንፋ ስትወጣ ኤርትራ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ወደቀች። ሕዝቡ በፖለቲካ የተከፋፈለው በዚያ ዘመን ነው። ከኢትዮጵያ ጋር መዋሐድ የሚፈልገው የአንድነት ማኅበር በአንድ ወገን፣ በኢብራሂም ሱልጣን የሚመራው የእስልምና ሊግና እንደ ወልደአብ ወልደማርያም ያሉ የነጻነት ደጋፊዎች በሌላው ወገን ቆሙ። በኅዳር 1939 በአስመራ ቤተ ጊዮርጊስ የሁለቱ ወገን ሰዎች ተሰብስበው አስታራቂ መንገድ ለመፈለግ ሞከሩ፤ ስብሰባው ያለ ስምምነት ፈረሰ።

የተባበሩት መንግሥታት ከበርማ፣ ከጓቲማላ፣ ከኖርዌይ፣ ከፓኪስታንና ከደቡብ አፍሪካ የተውጣጣ የአምስት አገሮች ኮሚሽን በ1942 ዓ.ም. ወደ ኤርትራ ላከ። መልእክተኞቹ እየዞሩ የሰው ቃል ሰሙ እንጂ ሕዝቡ ካርድ ይዞ አልመረጠም። ሲመለሱም ሦስት የተለያየ ሐሳብ አቀረቡ። በርማና ደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን፣ ኖርዌይ ሙሉ ውሕደት፣ ጓቲማላና ፓኪስታን ደግሞ በሞግዚት አስተዳደር ቆይቶ ነጻነት አሉ። ኅዳር 23 ቀን 1943 ጠቅላላ ጉባኤው በውሳኔ ቁጥር 390 ኤርትራን በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን አዋሐደ። የኢትዮጵያን ጉዳይ በዓለም መድረክ የተሟገቱት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ ይህን ታላቅ ድል አድርገው ቆጠሩት። ከአንድነቱ ተቃራኒ የነበሩት ኤርትራውያን የያዙት ቂም ግን ከዚያ ቀን ይጀምራል።

ፌዴሬሽኑ መስከረም 1 ቀን 1945 ሥራ ጀመረ። ኤርትራ የራሷ ሰንደቅ ዓላማ፣ ሕገ መንግሥትና እኩል በክርስቲያንና በእስላም የተከፈለ 68 አባላት ያሉት ምክር ቤት ነበራት፤ የመጀመሪያው ዋና አስተዳዳሪም ተድላ ባይሩ ነበሩ። ከዚህ የበለጠ የመተማመኛ ዕድል ለሁለቱ ሕዝቦች መጥቶ አያውቅም። ዕድሉ ግን በጥቂት በጥቂቱ ተሸረሸረ። የፖለቲካ ማኅበራት ተዘጉ፣ ተድላ ባይሩ በ1947 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለቀቁ፣ ሰንደቅ ዓላማው ወረደ፣ አማርኛ በትግርኛና በዓረብኛ ቦታ ገባ፣ «የኤርትራ መንግሥት» መባሉ ቀርቶ «የኤርትራ አስተዳደር» ተባለ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ምክር ቤቱ ተሰብስቦ በጠባቂዎች መካከል የፌዴሬሽኑን መፍረስ የሚያበሥር ቃል ተነበበለት። ሕዝቡ በዚያ ቀንም አልተጠየቀም። ኢትዮጵያዊ የታሪክ አንባቢ በ1985 ዓ.ም. ስለተደረገው ሲቆጭ ይህችን ቀን አብሮ ካላስታወሰ ፍርዱ ጎደሎ ነው።

ሠላሳ ዓመት

ፌዴሬሽኑ ከመፍረሱ በፊት ነሐሴ 26 ቀን 1953 ሐሚድ እድሪስ አዋተ የመጀመሪያዋን ጥይት ተኩሷል። የነጻነት ውጊያውን ጀብሃ የተባለው ግንባር ጀመረው፤ በኋላ ከጀብሃ የተነጠለው ሻዕቢያ ተረከበው። የ1966ቱ አብዮት ሲመጣ ጉዳዩ በንግግር ይፈታል ብለው ተስፋ ያደረጉ ነበሩ። ኤርትራዊ ተወላጅ የሆኑት ጄኔራል አማን አንዶም የደርግ ሊቀ መንበር ሆነው ይህን መንገድ ሞከሩ፤ በኅዳር 1967 ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመቻ በዘመቻ ላይ ነው።

ለበጌምድር ደጋ ጦርነቱ ማለት ዝርዝር ማለት ነበር፤ በየቀበሌው የሚነበብ የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር። ከደብረ ታቦር፣ ከአዲስ ዘመን፣ ከወረታና ከንፋስ መውጫ ዙሪያ የተወሰዱ የገበሬ ልጆች ናቅፋንና አፋቤትን ያወቁት ምሽግ ውስጥ ሆነው ነው። በመጋቢት 1980 የአፋቤት ዕዝ ወደቀ፤ በየካቲት 1982 ምጽዋ ተያዘች። በ1983 ዓ.ም. አጋማሽ ኢሕአዴግ «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ብሎ በሰየመው ጥቃት ጎንደርንና ጎጃምን ጠራርጎ ያዘ። ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ያደረጉት የዐፄ ቴዎድሮስ ስም የወጣለት ዘመቻ አገሩን ሲያቋርጥ የዚያው አገር ልጆች ገና አስመራ ዙሪያ ምሽግ ውስጥ ነበሩ።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ሻዕቢያ አስመራ ገባ። በአራተኛው ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባን ያዘ። በኤርትራ የነበረው ሠራዊት ተበተነ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች፣ ቤተሰቦቻቸውና የመንግሥት ሠራተኞች ከኤርትራ እንዲወጡ ተደረጉ። ብዙዎቹ በእግራቸው፣ በረሃብና በጥም፣ በትግራይ ወይም በሱዳን በኩል ተጉዘው መንደራቸው ገቡ። ለአገር ዘምተናል ብለው የሄዱት ሲመለሱ «የደርግ ወታደር» ተብለው ነበር። የሞቱትም ልቅሶ በወጉ ሳይለቀስላቸው ቀረ፤ ለብዙዎቹ ቤተሰቦች የሞታቸው መርዶ እንኳ አልተነገረም። በዚህ አካባቢ የሕዝበ ውሳኔው ወሬ የወደቀው ይህ ሐዘን ባለበት ቤት ላይ ነው።

ሰኔ 1983

ከሰኔ 24 እስከ 28 ቀን 1983 በአዲስ አበባ የሰላምና የዴሞክራሲ ጉባኤ ተካሄደ። ከሃያ የሚበልጡ ድርጅቶች ተገኙ፤ ሻዕቢያ በታዛቢነት ተቀመጠ። ጉባኤው የሽግግር ጊዜ ቻርተር አጸደቀ፤ ከ87ቱ የምክር ቤት መቀመጫ ኢሕአዴግ 32፣ ኦነግ 12 ያዙ። የኤርትራ ሕዝብ ዕጣውን በሕዝበ ውሳኔ የመወሰን መብት እንዳለውም ጉባኤው ተቀበለ። ሻዕቢያ አገሩን በእጁ ይዞ ሳለ ነጻነቱን ወዲያው ከማወጅ ይልቅ ሁለት ዓመት ለመታገሥ ተስማማ። ይህ ትዕግሥት በኋላ ለውሳኔው ዓለም አቀፍ ተቀባይነት አስገኝቶለታል።

በዚያ ጉባኤ አንድ የተቃውሞ ድምፅ ጎልቶ ተሰማ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው የተገኙት የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የኤርትራን መገንጠል ተቃወሙ፤ ያልተመረጠ ጉባኤ የአገርን ዕጣ ሊወስን አይችልም የሚለውን አቋም ያዙ። በጥር 1984 የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን (መአሕድ) ሲመሠርቱ ይኸው አቋማቸው በጎንደርና በጎጃም ብዙ ሰሚ አገኘ።

የተቃውሞው ፍሬ ነገር ሦስት ነበር። አንደኛ፣ ስለ አገር መከፈል የቀሪው ኢትዮጵያ ሕዝብ አስተያየት ይጠየቅ የሚል። ሁለተኛ፣ የድምፅ መስጫው ፌዴሬሽንን ወይም ሌላ የአብሮነት አማራጭ ይጨምር የሚል። ሦስተኛ፣ የአሰብ ጉዳይ ለብቻው ይታይ የሚል፤ በ1980 ዓ.ም. ደርግ አሰብን ከኤርትራ ነጥሎ ራስ ገዝ አስተዳደር አድርጎት ነበርና። የሻዕቢያና የኢሕአዴግ መልስ አጭር ነበር። ኤርትራ ቅኝ ግዛት ነበረች፣ ጥያቄው የቅኝ ግዛት ጥያቄ ነው፣ መልስ የሚሰጠውም የዚያው አገር ሕዝብ ብቻ ነው። ሁለቱም ክርክሮች ሚዛን የሚደፉ ነበሩ። በአደባባይ ግን ፊት ለፊት ተገናኝተው አልተሞገቱም፤ ጉዳዩ የተቋጨው በአሸናፊዎች መካከል ነው።

ታኅሣሥ 26

መጋቢት 29 ቀን 1984 በአስመራ የሕዝበ ውሳኔ አዋጅ ወጣ። ለመምረጥ የሚመዘገብ ሰው አስቀድሞ የኤርትራ ዜግነት መታወቂያ መያዝ ነበረበት። ያን ቀን ማንም ያላስተዋለው ይህ አንቀጽ ከስድስት ዓመት በኋላ የብዙ ሺህ ቤተሰብ ዕጣ ወሰነ። የምርጫ ኮሚሽኑን ዶክተር አማረ ተክለ መሩት። የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ በታኅሣሥ 1985 በሳሚር ሳንባር የሚመራ የታዛቢ ቡድን አቋቋመ።

በዚያው ወር የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ ለሶማሊያ የዕርቅ ጉባኤ አዲስ አበባ መጡ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሕዝበ ውሳኔውንና የተባበሩት መንግሥታትን ድርሻ ለመቃወም ከስድስት ኪሎ ወጡ። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱባቸው፤ ቢያንስ አንድ ተማሪ ሞተ፣ ብዙዎች ቆሰሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ፕሮፌሰር አሥራትን ጨምሮ ከአርባ የሚበልጡ መምህራን ከሥራ ተባረሩ።

የውሳኔው ተቃዋሚ ሁሉ በዚያ ቀን አንድ ነገር ተማረ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ሐሳብን መግለጽ ጥይት ያስከትላል። በአደባባይ ያልተነገረው ነገር በየቤቱና በየጠጅ ቤቱ ተብላላ፤ እየዋለ እያደረም ወደ ጥላቻ ተለወጠ። በመንግሥት ዝምታና በተማሪዎች ደም መካከል የተወለደው ይህ ቅሬታ ክርክር ቢፈቀድለት ኖሮ ምናልባት በሐሳብ ደረጃ ይቀር ነበር።

ሦስቱ ቀናት

ድምፅ የተሰጠው ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ኤርትራ ነጻና ሉዓላዊት አገር እንድትሆን ትፈልጋለህ? መልሱ አዎ ወይም አይደለም። በአስመራ ሰው ጎሕ ሳይቀድ ተሰለፈ፤ አረጋውያን በልጆቻቸው ተደግፈው መጡ፤ ልጆቻቸውን በጦርነት ያጡ እናቶች የድምፅ መስጫ ወረቀታቸውን አንሥተው ሳሙ። በሱዳን የስደተኞች መጠለያ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ኤርትራውያንም ድምፅ ሰጡ።

ሚያዝያ 19 ቀን ውጤቱ ታወጀ። 1,100,260 ሰው አዎ፣ 1,822 ሰው አይደለም አለ፤ 99.8 በመቶ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ሒደቱ ነጻና ፍትሐዊ እንደነበር መሰከሩ። ግንቦት 16 ቀን 1985 ኤርትራ ነጻነቷን አወጀች፤ በአራተኛው ቀን የድርጅቱ አባል ሆነች። የኢትዮጵያ የሽግግር መንግሥት ውጤቱን ወዲያው ተቀበለ።

በኢትዮጵያ ውስጥም ምርጫ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። ከ57 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች አዎ አሉ፤ 204 ሰዎች አይደለም አሉ። ድምፅ ከሰጡት መካከል በአዲስ አበባ የተወለዱ፣ አማርኛ አፍ የፈቱበት ቋንቋቸው የሆነ፣ ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ መካኒኮችና የባንክ ሠራተኞች ነበሩ። ድምፅ ሰጥተው ወደ ሱቃቸውና ወደ ቢሯቸው ተመለሱ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት መያዛቸውንም ቀጠሉ። ብዙዎቹ የመረጡት ለወላጆቻቸው አገር ሰላም ይምጣ ብለው ነው እንጂ የሚኖሩበትን አገር ትተው ለመሄድ አልነበረም።

ከድምፁ ማግሥት

አውሮፓውያን በአባልነት ጥያቄ ላይ ድምፅ ሰጥተው ስለ መከፋፈላቸው ብዙ ተጽፏል። ኖርዌይ የአውሮፓን ማኅበር ላለመቀላቀል እ.ኤ.አ. በ1972 በ53.5 በመቶ፣ በ1994 ደግሞ በ52.2 በመቶ ወሰነች። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2016 በ51.9 በመቶ ለመውጣት ስትወስን ቤተሰብ ከቤተሰብ ተቃቃረ። እዚያ ቅሬታውን ያመጣው የልዩነቱ ጠባብነት ነው። ተሸናፊዎቹ ግን ካርድ ይዘው ተሰልፈዋል፤ ከዚያም በኋላ በፓርላማቸውና በጋዜጣቸው ተከራክረዋል። በእኛ ዘንድ ውጤቱ መቶ በመቶ ሊሞላ የአንድ ነጥብ ሁለት አሥረኛ ብቻ የቀረው ነበር፤ ቅሬታው ግን የባሰ ሆነ፤ ቅር የተሰኘው ወገን ከሰልፉም ከክርክሩም ውጭ ነበርና።

ያልተነገረ ሐሳብ ወሬ ይወልዳል። በኢትዮጵያ ውስጥ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው የድምፅ መስጫው «ነጻነት ወይስ ባርነት» ብሎ ይጠይቅ እንደነበር በእርግጠኝነት ያወራል። በወረቀቱ ላይ እንዲህ ያለ ቃል አልነበረም። ወሬው ሥር የሰደደው የተናጋሪዎቹን ስሜት በትክክል ስለሚገልጽ ነው፤ ፌዴሬሽን፣ ኮንፌዴሬሽን ወይም ሌላ አማራጭ አለመቅረቡን ሕዝቡ በሁለት ቃል ጠቅልሎ ያዘው።

መንግሥታቱ በበኩላቸው ወዳጅነታቸውን ተማምነው ዋና ዋናውን ነገር ሳይጽፉ ተዉት። በ1985 እና በ1986 ዓ.ም. በርካታ የትብብር ስምምነቶች ተፈረሙ፤ ኢትዮጵያ በአሰብና በምጽዋ በነጻ እንድትጠቀም ተባለ፤ ብር በሁለቱም አገር መገበያያ ሆኖ ቆየ። ድንበሩ ግን አልተከለለም። ድምፅ የሰጡት ሰዎች ዜግነታቸው የትኛው እንደሆነ አልተወሰነም፤ በ1988 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለቱ መንግሥታት ይምረጡ ብለው ቢስማሙም ሥራ ላይ አልዋለም። የወደቡ አገልግሎት በመሪዎች መግባባት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በኅዳር 1990 ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን ገንዘቧን ስታወጣ መግባባቱ ተሰነጠቀ። አስመራ ብርና ናቅፋ በእኩል ዋጋ ይመንዘሩ አለች፤ አዲስ አበባ ድንበር ተሻጋሪ ንግድ በባንክ የብድር ሰነድና በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። በድንበር ከተሞች የነበረው የጤፍ፣ የበርበሬና የቡና ንግድ ተገታ። ከስድስት ወር በኋላ ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ።

ካርዱ ማስረጃ ሲሆን

ሁለት ዓመት የፈጀው ጦርነት ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ የሚገመት ሰው በላ። ከጎንደር ደጋ እንደገና ወጣቶች ተመለመሉ። በ1983 ዓ.ም. ከአስመራ ግንባር የተመለሰው አባት በ1990 ዓ.ም. ልጁን ወደ ባድመና ወደ ጾረና ሸኘ። «አሰብን እናመጣለን» የሚለው ስሜት በየገጠሩ ወጣቱን አነሣሣ፤ ለሰባት ዓመት የታፈነው የሕዝበ ውሳኔው ቅሬታ መውጫ ያገኘው በጦር ሜዳ ነው። መንግሥት ያን ቅሬታ በ1985 ዓ.ም. ለማፈን ጥይት ተኩሶ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ምልመላ አደረገበት።

ከሁሉ የከፋው የደረሰው ለመምረጥ በተያዘችው በዚያች የመታወቂያ ካርድ ሰበብ ነው። ከሰኔ 1990 ጀምሮ የኢትዮጵያ መንግሥት ኤርትራዊ ትውልድ ያላቸውን ሰዎች ማባረር ያዘ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 75 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከአገር ወጡ። ሌሊት ከቤታቸው ተወሰዱ፤ ባልና ሚስት ተለያዩ፤ ልጆች ከጎረቤት ዘንድ ቀሩ፤ ቤትና ሱቅ ታሸገ። የተሰጠው የሕግ ምክንያት በሕዝበ ውሳኔው ለመምረጥ መመዝገባቸው የኤርትራ ዜግነት መያዛቸውን ያሳያል የሚል ነበር። በራሱ በመንግሥቱ ፈቃድ በተከፈተ ጣቢያ የሰጡት ድምፅ ከአምስት ዓመት በኋላ መክሰሻቸው ሆነ። ኤርትራም በበኩሏ በአገሯ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንን አሰረች፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩትን አስወጣች። በሁለቱም ወገን የተባረሩት ሰዎች ባድመ የት እንዳለች እንኳ የማያውቁ ነበሩ።

በታኅሣሥ 1997 የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሣ ኮሚሽን በሄግ በዚህ ጉዳይ ፍርድ ሰጠ። በሕዝበ ውሳኔው የተመዘገቡት ሰዎች ድርብ ዜግነት ነበራቸው አለ። በጦርነቱ ጊዜ ለጸጥታ አስጊ ናቸው ተብለው ተለይተው የተባረሩትን በተመለከተ ለኢትዮጵያ የተወሰነ መብት ሰጠ፤ ከዚያ ውጭ ዜግነታቸውን በጅምላ የተነጠቁትና የተባረሩት ግን ሕገ ወጥ በደል እንደደረሰባቸው ወሰነ። በ1996 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያወጣችው መመሪያ በአገር ውስጥ ለቀሩት ኤርትራዊ ትውልድ ላላቸው ሰዎች ዜግነታቸውን መልሰው የሚያገኙበትን በር ከፈተ። ለተበተነው ቤተሰብ የተሰጠው እውቅና ከዚህ አላለፈም።

በር ሲከፈትና ሲዘጋ

ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 የአልጀርስ ስምምነት ተፈረመ። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን ሰጠ፤ ባድመ ለኤርትራ ተወሰነች። ከዚያ በኋላ ጦርነትም ሰላምም የሌለበት አሥራ ስድስት ዓመት አለፈ። ኢትዮጵያ የውጭ ንግዷን ሁሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ በጅቡቲ አደረገች፤ የአሰብ ወደብ ወና ሆነ። በደብረ ታቦር ገበያ የማዳበሪያና የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የአሰብ ስም ይነሣ ነበር፤ ለገበሬው ሕዝበ ውሳኔው የሚታሰበው በኩንታል ዋጋ ሆነ።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 በአስመራ የሰላም መግለጫ ተፈረመ። ሐምሌ 11 ቀን ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን ከአዲስ አበባ አስመራ አረፈ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይተያዩ የኖሩ ቤተሰቦች በአውሮፕላን ማረፊያው ተቃቀፉ፤ በዚያ ቀን ዓይኑ ያላነባ ሰው ጥቂት ነው። መስከረም 1 ቀን 2011፣ ፌዴሬሽኑ በተጀመረበት በዚያው የዘመን መለወጫ ዕለት፣ የዛላምበሳና የቡሬ ድንበሮች ተከፈቱ። ነገር ግን እንደ 1985ቱ ሁሉ ስለ ጉምሩክ፣ ስለ ዜግነትና ስለ ወደብ ለሕዝብ የተገለጸ ዝርዝር ውል አልነበረም። በወራት ውስጥ በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ።

ከዚያ የትግራይ ጦርነት መጣ። የኤርትራ ሠራዊት በትግራይ ምድር መግባቱና በሲቪሎች ላይ የፈጸመው ግፍ ሌላ ቁስል ጨመረ። በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም ኤርትራ በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረችም። በጥቅምት 2016 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ስለ ቀይ ባሕር ለሕዝብ ንግግር አደረጉ፤ የአሰብ ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ መንግሥት አጀንዳ ተመለሰ። በሁለቱ አገሮች መካከል የጦርነት ወሬ እንደገና ተሰማ።

ዛሬ ምን ይበጃል?

ይህን ታሪክ በቅደም ተከተል የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያያል። በ1881፣ በ1943 እና በ1955 ዓ.ም. ኤርትራውያን ሳይጠየቁ ተወሰነባቸው። በ1983 እና በ1985 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ሳይጠየቁ፣ ሐሳባቸውንም እንዳይገልጹ ተከልክለው ተወሰነ። በ1990 ዓ.ም. ከሁለቱም አገር የሆኑት፣ ማለትም በእናት ከዚህ በአባት ከዚያ የተወለዱት፣ ሳይጠየቁ ተባረሩ። በደል በደልን እየወለደ የመጣው እያንዳንዱ አሸናፊ ተራው ሲደርስ ያለፈው አሸናፊ የሠራውን ስሕተት ስለ ደገመ ነው።

እኔ የኤርትራን ሕዝብ ውሳኔ አከብራለሁ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በግልጽ የሰጠው ድምፅ በሌላ አገር ቅሬታ አይሻርም፤ በጦር ኃይል ለመሻር የሚደረግ ሙከራ ደግሞ የዚህን ደጋ ልጆች ለሦስተኛ ትውልድ ወደ ምሽግ መመለስ ነው። የባሕር በር የሕልውና ጥያቄ መሆኑን አምናለሁ፤ መልሱ ያለው ግን በተጻፈ፣ በፓርላማ በጸደቀና ለሕዝብ በታወቀ ውል ውስጥ ነው። የመሪዎች ፈገግታ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለት ጊዜ ከሽፏል።

የኢትዮጵያውያንም ቅሬታ ተገቢ ስሙ ሊሰጠው ይገባል። የመገንጠሉን አፈጻጸም መቃወም ጦረኝነት ማለት አይደለም፤ ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ከስድስት ኪሎ የወጡት ተማሪዎች ጥያቄ ያነሡ ዜጎች ነበሩ። ያን ቀን የሆነው ነገር በመንግሥት ደረጃ ተመርምሮ ይነገር። ከኤርትራ ምድር ሳይመለሱ የቀሩት የበጌምድር፣ የወሎ፣ የሸዋ፣ የወለጋና የሌላውም አገር ወታደሮች ስም ተሰብስቦ ለቤተሰቦቻቸው ይሰጥ፤ መንግሥት ቢለወጥም የዘማች መርዶ የመንግሥት ዕዳ ነው። ከ1990 ጀምሮ ለተባረሩት ከሁለቱም መንግሥታት ይቅርታ ይጠየቅ፤ ንብረታቸውም ይመለስ። በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ታሪክ የ1955ቱን ኅዳርና የ1985ቱን ሚያዝያ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ያስተምር። የደብረ ታቦር ልጅ አንድ የአስመራ ሰው ስለ ፌዴሬሽኑ ለምን እንደሚቆጣ ይወቅ፤ የአስመራ ልጅም ደብረ ታቦር ያለች አንዲት እናት ስለ አሰብ ለምን እንደምትቆጭ ይስማ። ይህ ሳይሆን የሚፈረም ማንኛውም የሰላም ወረቀት ከፊተኞቹ የተሻለ ዕድሜ አይኖረውም።